የጉባኤ ልደት በማን ምስክር ይጸናል

በክረምት፥ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራ ሜዳ ከጣና ጋራ አንድ ባሕር መስሎ በሚታይበት ወራት፥ የወረታ ሰው ማታ ማታ ከቤቱ አይርቅም። እኛም ከፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራችን ተመልሰን ራት ከበላን በኋላ ከቤተ ሰባችን ጋራ ተቀምጠን መጫወት ልማዳችን ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ፥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ልጃችን አንድ ደብተር ይዞ ከፊታችን ቀረበና «አባባ፥ የጻፍሁትን ታሪክ ይመልከቱልኝ» አለን። የደብተሩም አርእስት «የአኒሜ ወዳጆች ጉባኤ ታሪክ» የሚል ነበር።

ስለዚህ ነገር ሰምተው ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ጥቂት መግለጥ ይገባናል። አኒሜ የሚባለው በጃፓን አገር የሚሠራ፥ ሥዕል በሥዕል ላይ በፍጥነት እየተከታተለ ሕይወት ያለው መስሎ የሚንቀሳቀስ የሲኒማና የቴሌቪዥን ሥራ ነው። ኦሳሙ ቴዙካ የተባለው የታወቀ ሠዓሊ ስለ አንድ ከብረት ስለ ተሠራ ብርቱ ልጅ የደረሰው ሥራ በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 1955 ዓ. ም. ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ ይህ ጥበብ እየሰፋ በዓለም ሁሉ ወዳጆችን አፍርቷል። እነዚህም ወዳጆች በየዓመቱ አዳራሽ ተከራይተው ይሰበሰባሉ፤ እንደ ታሪኩ ሰዎች ለብሰው ይታያሉ፤ መጻሕፍትና ሥዕል ይገዛሉ ይሸጣሉ፤ ከሠዓሊዎችም ጋራ ይነጋገራሉ። ልጃችን ይህን ሲያስረዳን የማኅበር ዝክርና የገበያ ቀን በአንድ ላይ የተገጣጠሙ መሰለን።

አስቀድመን ነገሩን የልጆች ጨዋታ አድርገን አይተነው ነበር። ደብተሩን ማንበብ ስንጀምር ግን የሚያሳስብ ነገር አገኘንበት። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ድረስ «ይባላል»፥ «ይነገራል»፥ «ሁሉ የሚያውቀው ነው» የሚል ቃል ሞልቶበታል። እኛ ደግሞ ሃያ ዓመት ያህል የምስክር ቃል ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ነንና፥ «ሁሉ ያውቀዋል» የሚል ምስክር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ያነሰ የሚያውቀው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ አይተናል።

ስለዚህ ልጃችንን እንዲህ አልነው፤ «ምስክር ከዳኛ ፊት ሲቆም ሦስት ነገር ይጠየቃል። መጀመሪያ፥ ያየኸውን ነው ወይስ የሰማኸውን? ሁለተኛ፥ ያየኸው መቼ ነው፥ ቃሉንስ የሰጠኸው መቼ ነው? ሦስተኛ፥ ነገሩ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢፈረድ የምታገኘው ጥቅም አለን? አንተም የጻፍኸውን ሁሉ በዚህ ጠይቀው። የጉባኤ ልደት እንደ ርስት ክርክር ነው፤ ያለ ምስክር አይረጋም።» ከዚያ ማታ ጀምሮ ብዙ ሌሊት በዚሁ ላይ ዋልን ብንል ሐሰት አይሆንም።

የመጀመሪያው ክርክር የተነሣው «የመጀመሪያው» በሚለው ቃል ላይ ነው። የአሜሪካ የአኒሜ ወዳጆች ጉባኤ ሥርዓቱን የወረሰው፥ ገና ስላልተፈጠረ የወደፊት ጥበብ በልብ ወለድ የሚጽፉ ደራስያን ወዳጆች ከሚያደርጉት ከቀደመው ጉባኤ ነው። ልጃችንም የዚህን የቀደመውን ጉባኤ አጀማመር ሲጽፍ «ከሁሉ አስቀድሞ የተደረገው በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ነው» ብሎ ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር የሊድስ ከተማ ሰዎች ይህን አይቀበሉም።

የሁለቱን ወገን ቃል ብንሰማው እንዲህ ነው። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1936 ኦክቶበር 22 ቀን ጥቂት የኒውዮርክ ወጣቶች ወደ ፊላደልፊያ ሄደው ከዚያ ካሉት ባልንጀሮቻቸው ጋራ ተገናኙ፤ ከመካከላቸውም ሊቀ መንበርና ጸሐፊ መረጡ። በ1937 ጃንዋሪ 3 ቀን ደግሞ የሊድስ ሰዎች አስቀድመው አስታውቀው፥ አዳራሽ ይዘው ተሰበሰቡ። አሜሪካኖቹ «የእኛ ይቀድማል» ይላሉ፤ እንግሊዞቹም «የእናንተ የባልንጀራ ጥየቃ ነው እንጂ ጉባኤ አይደለም» ይላሉ። አንባቢ እንዲመለከትልን የምንፈልገው፥ በቀኑ ላይ ሁለቱም ወገን የማይካካዱ መሆናቸውን ነው። የተካካዱት ጉባኤ ማለት ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ነው። ሦስት ዘመድ ለጥየቃ ቢሄድ ሠርግ አይባልም፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ሚዜ መርጠው ከተመለሱ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ስለዚህ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከመቁጠሩ በፊት የሚቆጥረውን ነገር ምንነት ወስኖ ማስታወቅ አለበት።

በዚሁ ነገር ላይ ልጃችን ሌላ ስሕተት አግኝተንበታል። የኤውሮጳን ዘመን ወደ እኛ ሲመልስ ከሁለቱም ላይ ስምንት ስምንት ቀንሶ፥ የፊላደልፊያውን በ1928፥ የሊድሱን በ1929 ዓ. ም. አድርጎ ስለ ጻፈው፥ በሁለቱ መካከል አንድ ዓመት ያለፈ ይመስላል። እኛ ግን በልጅነታችን ከጣራ ገዳም ሥር ፊደል ስንቆጥር፥ የኔታ ቀኑን ከነወንጌላዊው ካልጻፍን ጽሕፈታችንን አይቀበሉንም ነበር፤ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የፈረንጁን ወራት ስለ ተማርን ሁለቱን ማስተያየት አልቸገረንም። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው ቀን ሰባት ይቀነሳል፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ላለው ግን ስምንት ነው። እንዲህ ሲሆን የፊላደልፊያው ጥቅምት 12 ቀን፥ የሊድሱም ታኅሣሥ 25 ቀን፥ ሁለቱም በ1929 ዓ. ም. በዘመነ ማቴዎስ ይውላሉ። በመካከላቸው ያለው ዓመት አይደለም፥ 73 ቀን ብቻ ነው። በኤውሮጳ መዝገብ ሁለት ዓመት የሚመስለው በእኛ መዝገብ አንድ ዓመት ሆኖ ሲገኝ ልጃችን እጅግ ተደነቀ።

ከዚህ በኋላ ለአኒሜ ብቻ ወደ ተደረጉት ጉባኤዎች መጣን። ልጃችን «በአሜሪካ የመጀመሪያው በዳላስ ከተማ በ1990 የተጀመረው ኤ-ኮን የተባለው ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። ነገር ግን በዚያው በዳላስ ከተማ ያማቶኮን የተባለ ጉባኤ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1983 ተደርጓል። እንግዲያስ ኤ-ኮን የታወቀው ከሁሉ በመቅደሙ አይደለም፤ ረዥም ዘመን በመኖሩ ነው። እንዲሁም በሳን ሆዜ ከተማ በ1991 ኦገስት መጨረሻ አኒሜኮን የሚባል ጉባኤ ተደርጎ፥ በሚከተለው ዓመት በዚያችው ከተማ ዛሬ እጅግ ታላቅ የሆነው አኒሜ ኤክስፖ ተጀመረ። ሁለቱን አንድ ጉባኤ አድርጎ የሚቆጥር ሰው አንድ ዕድሜ ያገኛል፤ የሚለያቸውም ሌላ ዕድሜ ያገኛል። ቀዳሚ መሆን፥ ታላቅ መሆንና ረዥም ዘመን መኖር ሦስት ልዩ ልዩ ክብር ነው፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ምስክር ያስፈልገዋል። በአንዱ የረታ በሦስቱም እንደ ረታ አድርጎ መጻፍ የሰውን ርስት ከራስ ርስት ጋራ እንደ መከለል ያለ ነው።

ሦስተኛው ነገር የቁጥር ነገር ነው። በቶክዮ ከተማ ኮሚክ ማርኬት የሚባል፥ ወዳጆች ራሳቸው ሥለውና አሳትመው መጽሐፋቸውን የሚሸጡበት ታላቅ ጉባኤ አለ። የመጀመሪያው የተደረገው ታኅሣሥ 11 ቀን 1968 ዓ. ም. ሲሆን፥ በዚያን ቀን የቀረቡት 32 ቡድኖች፥ የመጣውም ሰው 700 ያህል ነበር። በታኅሣሥ 2012 ዓ. ም. ግን በአራት ቀን 750 ሺህ ሰው እንደ ገባ ተነግሯል። ልጃችን ይህን «750 ሺህ ልዩ ልዩ ሰዎች» አድርጎ ተረጐመው። ነገር ግን ይህ ቁጥር የየቀኑ ገቢ ተደምሮ የተገኘ ነውና፥ አራቱን ቀን የተመላለሰ አንድ ሰው አራት ጊዜ ተቆጥሯል። በወረታ ገበያ በአራት ገበያ ቀን ሩዝ ይዛ የመጣችውን አንዲት ሴት አራት ሴት ብለን እንደ መቁጠር ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚመልሰው ጥያቄ ስንት ሰው መጣ የሚለውን ሳይሆን በሩ ስንት ጊዜ ታለፈ የሚለውን ነው። አኒሜ ኤክስፖ ይህን ሁለቱን ቁጥር ለያይቶ ሲያስታውቅ አይተነዋልና ምሳሌነቱ መልካም ነው።

ከዚህ የሚብስ ወጥመድ ደግሞ በተራ ቁጥር ውስጥ ይገኛል። የዚሁ የቶክዮ ጉባኤ 98ኛው በሚያዝያ 2012 ዓ. ም. ሊደረግ ተቀጥሮ ሳለ፥ በዓለም ላይ በመጣው ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። ቀጥሎ በታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. የተደረገው ግን 99ኛ ተባለ እንጂ 98ኛ አልተባለም። እንግዲህ በመዝገብ ላይ ቁጥር ኖሮት ሰው ያልተሰበሰበበት ጉባኤ አለ ማለት ነው። ከተራ ቁጥሩ ተነሥቶ ወደ ኋላ እየቆጠረ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያልተደረገውን እንደ ተደረገ አድርጎ ይጽፋል።

ልጃችን በዚህ ጊዜ ጥቂት ተሰላችቶ «እንዲህ ከሆነማ አባባ፥ የማንን ቃል ልመን? የጉባኤው አዘጋጆች የጻፉትን ልጣለውን?» ሲል ጠየቀን። እኛም «አትጣለው፤ በቦታው አስቀምጠው» አልነው። አዘጋጁ ጉባኤው በየትኛው አዳራሽ፥ በየትኛው ቀን እንደ ተደረገ ሲናገር ከእርሱ የሚሻል ምስክር የለም፤ በዚያን ቀን የታተመው የመርሐ ግብር ወረቀት፥ የመግቢያው ካርድ፥ የአዳራሹ የኪራይ ደረሰኝ የታመነ ማስረጃ ነው። «ከሁሉ በፊት እኛ ነን፥ ከሁሉ እንበልጣለን» ሲል ግን ስለ ራሱ ጥቅም የሚናገር ነውና፥ ከነገሩ ውጭ የሆነ ሌላ ምስክር ይፈለጋል፤ ይኸውም የዚያን ሰሞን የከተማው ጋዜጣ፥ ወይም ለጉባኤው ወዳጅም ጠላትም ያልሆነ ጸሐፊ ነው። ደግሞም አምስት ጋዜጣ አንዱ ከሌላው ገልብጦ ቢጽፍ አምስት ምስክር አይባልም፤ አንድ ምስክር አምስት ጊዜ ተናገረ እንጂ። ከ30 ዓመት በኋላ በትዝታ የተነገረውም ቃል በዚያው ሰሞን ከተጻፈ ደብዳቤ በታች ይቀመጣል፤ ሽማግሌው ሐሰተኛ ስለ ሆነ አይደለም፥ ትዝታ እንደ ርብ ወንዝ በየክረምቱ መሄጃውን ስለሚለውጥ ነው።

በዚህ መካከል ባለቤታችን ጥጥ እየፈተለች ስትሰማ ቆይታ «ይህ ሁሉ የሰው አገር ነው፤ በእኛ አገር በዓመት በዓመት የሚሰበሰብ ጉባኤ ጠፋና ነው?» አለች። ነገሯ እውነት ነውና፥ ከእኛ ከጣና ማዶ በአዊ በእንጅባራ ከተማ ጥር 23 ቀን የሚያከብረውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ማኅበር አነሣን። ይህ ማኅበር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በአድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች የሚያስብ፥ በፈረስ ፍቅር የተሰበሰበ ታላቅ ማኅበር ነው። የተመሠረተውም በ1932 ዓ. ም. እንደ ሆነ ይነገራል፤ በ2016 ዓ. ም. የተከበረውም 84ኛው ተብሏል።

ልጃችን ፈጥኖ ቀነሰና «አባባ፥ 2016 ላይ 84 ሲቀነስ 1932 ነው፤ እንግዲህ ሁለት ምስክር ተገኘ» አለ። እኛም «ቆይ» አልነው። ተራ ቁጥሩ ከዓመተ ምሥረታው ተሰልቶ የወጣ ከሆነ፥ ሁለቱ ቢስማሙ አያስደንቅም፤ አባትና ልጅ ናቸውና አንድ ቃል ይናገራሉ። ይልቁንም በ1932 ዓ. ም. አገራችን ገና በፋሺስት ጠላት እጅ የነበረች መሆኗን ማሰብ ይገባል፤ ነጻነት የተመለሰው በ1933 ነው። በዚያን ጊዜ የተቋቋመ ማኅበር ታሪኩ እጅግ የከበረ ስለ ሆነ፥ የሚደገፍበትም ምስክር እንደ ክብሩ መጠን የጸና ሊሆን ይገባዋል፤ በዚያው ዓመት የተጻፈ የአባላት ስም ዝርዝር፥ የመዋጮ መዝገብ፥ ደብዳቤ፥ ወይም የሽማግሌዎች ቃል ከነዕድሜያቸውና ከነቀበሌያቸው ተጽፎ ሊቀመጥ ያሻል። ይህን የምንለው የማኅበሩን ክብር ለማጉደል አይደለም፤ ርስቱን የሚወድ ሰው ደንበሩን በድንጋይ እንዲያጸና ስለምንፈልግ ነው።

እንዲህ ያለ ወረቀት በተገኘ ጊዜ ደግሞ መመርመሪያው በእጃችን ነው። 1932 ዓ. ም. ዘመነ ዮሐንስ ነበረ። «በ1932 ዓ. ም. በዘመነ ማርቆስ ተጻፈ» የሚል ወረቀት ቢመጣ፥ ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል፥ ወይ ወረቀቱ ኋላ የተሠራ ነው። አባቶቻችን ዓመቱን ከነወንጌላዊው መጻፋቸው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ አንዱ ቁጥር ቢሳሳት ሌላው እንዲመሰክርበት ነው። በጎንደር ዘመንም ርስት ሲሸጥ ውሉን በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ባዶ ገጽ ላይ ሲጽፉ፥ ሻጩንና ገዢውን ብቻ አይጽፉም ነበር፤ በዚያን ጊዜ የተሾመው ማን እንደ ሆነ፥ እማኝ ሆነው የቆሙትም እነማን እንደ ሆኑ በስም በስማቸው ይጽፉ ነበር። በዚህ ዘዴ የተጻፈውን ውል ዛሬ የሚያነብ ሰው ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ ምስክሮቹን ቆመው ያያቸዋል። ደግሞ በ1880 ዓ. ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ከአብያተ ክርስቲያናት ጋራ ስንት መጽሐፍ እንደ ጠፋ ስናስብ፥ አንድ ወረቀት በአንድ ቤት ብቻ መቀመጡ እንደማይበቃ እንረዳለን።

እዚህ ላይ ስንደርስ በራሳችን ደስ ብሎን ነበር። ዳሩ ግን ባለቤታችን እንዝርቷን አስቀምጣ «አንቱ ልጁን ምስክር አምጣ ይሉታል። ባለፈው ዓመት በማኅበራችን ፊት ቆመው የተናገሩትን ግን ማን ነገረዎ?» አለችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወላጆቻችን የጠጡት፥ እኛም የምንጠጣው አንድ የጽዋ ማኅበር አለን። ባለፈው ዓመት የማኅበሩን ታሪክ እንድንናገር ስለ ተጠየቅን፥ ከታላላቆቻችን የሰማነውን ይዘን «ማኅበሩ የተመሠረተው የመጀመሪያው ሙሴ በተሾመ ጊዜ ነው» ብለን ዓመቱን ከፍ ባለ ድምፅ ተናግረን፥ ሰውም አጨብጭቦልን ነበር። ያየነው ነገር አልነበረም፤ ወረቀትም አልጠየቅንም። ልጃችንን የወቀስንበትን «ይባላል» እኛ በጉባኤ ፊት ተናግረነዋል።

ባለቤታችንም ተነሥታ የእናቷን ሣጥን ከፈተች። ከልብስ በታች፥ በጨርቅ ተጠቅልሎ፥ በእርሳስ የተጻፈ አንድ ቅጠል ወረቀት አወጣች። አንድ ዲያቆን ለሴቶች የጻፈላቸው ነው። ማን ጌሾ እንዳመጣ፥ ማን ብቅል እንዳዋጣ፥ ማን እንጨት እንዳስመጣ፥ የመጀመሪያው ጽዋ በማን ቤት እንደ ተጠጣ፥ ቀኑም ከነወንጌላዊው ተጽፎበታል። እኛ ከተናገርነው ዓመት ስድስት ዓመት ይቀድማል። ዓመቱና ወንጌላዊው ተስማምተው አገኘናቸው። ጽዋው የተጠጣበት ቤት የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነው፤ ማኅበሩንም ያሰባሰበችው እርሷ ናት። ሙሴ ተሹሞ በአዲስ መዝገብ የወንዶች ስም መጻፍ የጀመረው ከስድስት ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፥ ከዚያ ወዲህ የመጣነው ሁሉ መዝገቡን እንጂ ሣጥኑን አላየንም።

አንድ ወረቀት አንድ ምስክር ነውና በዚያ ብቻ አልፈረድንም። በማግሥቱ ከልጃችን ጋራ ወደ አንዲት የሰፈራችን አሮጊት ሄድን። ወረቀቱን ሳናሳያቸው፥ የማንንም ስም ሳንጠራ «እማማ፥ የመጀመሪያው ጽዋ የት ቤት ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። የነገሩን ያንኑ ቤት ነው፤ ልጅ ሳሉ ከእናታቸው ጋራ እንስራ ተሸክመው እንደ ሄዱም ጨመሩልን። ልጃችን ቃላቸውን ከነዕድሜያቸው ጽፎ አነበበላቸው፤ እርሳቸውም «ልክ ነው፥ ልጄ» አሉና ጥቂት አለቀሱ። እስከዚያን ቀን ድረስ ይህን ነገር የጠየቃቸው ሰው እንዳልነበረ ነገሩን።

ይህ ከሆነ በኋላ ልጃችን ወደ ደብተሩ ተመልሶ ስለ ቶክዮው ጉባኤ የጻፈውን እንደ ገና መረመረ። «ጉባኤውን የመሠረቱትና የሞሉት ጐልማሶች ናቸው» የሚል ቃል ጽፎ ነበር። ጉባኤው ራሱ ባወጣው ታሪክ ግን፥ በመጀመሪያው ቀን ከመጡት 700 ሰዎች እጅግ የሚበዙት ለልጃገረዶች የሚጻፈውን የሥዕል ታሪክ የሚወዱ፥ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ ሴቶች ልጆች ነበሩ። ኋላ የመጣው ሰው ጉባኤውን በኋለኛው መልኩ ብቻ እያየ የመጀመሪያዎቹን ረሳቸው። ልጃችንም ቃሉን ሰርዞ «አባባ፥ እነዚያም እንደ እኛ ማኅበር ሴትዮ ናቸው» አለን። እኛ ስለ ታመነ ምስክር በብዙ ሌሊት ያስተማርነው ሁሉ በዚህ በአንድ ቃል ተጠቃለለ። ምስክርን መመርመር የተመራማሪ ኩራት ብቻ አይደለም፤ የሠራውን ሰው ለሥራው መመለስ ነው። ያለ ወረቀት የሚጻፍ ታሪክ ዘወትር ለባለ ድምፁ ይፈርዳል።

በአሜሪካ ፍሬድ ፓተን የሚባል አንድ ሰው ነበረ። በ1969 ዓ. ም. በሎስ አንጀለስ ከተማ የአኒሜ ወዳጆችን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው። ይህ ሰው ከሌሎች የሚለየው፥ ሌላው የሚጥለውን ወረቀት ሁሉ በማስቀመጡ ነው፤ የስብሰባ ማስታወቂያ፥ በእጅ የተባዛ ጋዜጣ፥ ደብዳቤ፥ መርሐ ግብር በየዓመቱ አከማቸ። በ1997 ዓ. ም. ጽኑ ሕመም ባገኘው ጊዜ ያከማቸውን ብዙ መቶ ሣጥን በሪቨርሳይድ ለሚገኘው ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ እርሱም በ2011 ዓ. ም. ዐረፈ። ዛሬ የዚያን ዘመን ጉባኤዎች ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከ«ይባላል» የሚድነው እንዲህ ባሉ ሰዎች ትጋት ነው።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አለቆች የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በየቤታችሁ ያለውን ሣጥን ሳትከፍቱ ስለ ማኅበራችሁ፥ ስለ ዕድራችሁ፥ ስለ ትምህርት ቤታችሁ ወይም ስለ ልጆቻችሁ አዲስ ጉባኤ ዕድሜ በአደባባይ አትናገሩ። በፎቶግራፍ ጀርባ የሰዎቹን ስም፥ ቦታውንና ቀኑን ከነወንጌላዊው ጻፉበት፤ ከ20 ዓመት በኋላ ስም የሌለው ፎቶግራፍ ዲዳ ምስክር ነውና። ሽማግሌና አሮጊት ሲጠየቁ፥ መልሱን ከአፋቸው ቀድማችሁ አትንገሯቸው። ወረቀት በተገኘም ጊዜ አንዱን ግልባጭ በሌላ ቤት አስቀምጡ። ልጆቻችሁ የሚወዱት ነገር ለእናንተ እንግዳ ቢሆንም አትናቁባቸው፤ የእኛ ልጅ የጃፓን ሥዕል በመውደዱ የእናቱን እናት ሣጥን እንድንከፍት አድርጎናል።

በሚከተለው ወር ጽዋው በተጠጣ ጊዜ፥ ሙሴውን አስፈቅደን ቆምንና «ባለፈው ዓመት በዚህ ቦታ የተናገርነው ስሕተት ነው» ብለን ወረቀቱን አነበብን። ለሃያ ዓመት ያህል የሌላውን ቃል ስንጽፍ ኖረን የራሳችንን ቃል ማረም እንዲህ የከበደ መሆኑን አላወቅንም ነበር። ማንም አላጨበጨበም፤ ዳሩ ግን አሮጊቷ ከተቀመጡበት ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸሐፊውም በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ፥ ከሙሴዎቹ ስም በላይ የሴትዮዋን ስም ጻፈ፤ ከሥሩም ይህ በማንና በማን ምስክርነት እንደ ተገኘ፥ በየትኛው ቀን እንደ ተጻፈ አኖረበት።